በሐዘኑ ሰሞን የሚስቅ ፊት

ኩምሲል የሕንጻችን ቡድን መሪ የሆነችው ፈልጋ አልነበረም። ከእሷ በፊት የነበረችው ሴትዮ ታማ ስትተኛ የቀበሌው ሰዎች መጡና ደረጃው ላይ ቆመው፣ "ከመካከላችሁ ድምፁ የሚሰማ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ። ሁላችንም ቀና ብለን ሦስተኛ ፎቅን አየን። ኩምሲል በብረት ፋብሪካው ክሬን ስትነዳ የኖረች ሴት ናት። ከላይ ሆኖ ታች ካለ ሰው ጋር መነጋገር የለመደ ጉሮሮ መሬት ከወረደም በኋላ አይለሰልስም። "ማሰሮአችሁን ከመተላለፊያው አንሱ!" ስትል የጎረቤት ሕንጻ ሰዎችም የጎመን ማሰሮአቸውን ያነሱ ነበር።

ባሏ ወደቡ ላይ በደረሰ አደጋ ሞቷል፤ አንድ ልጇ ደቡብ ድንበር ወታደር ነው። ሹመቱ ምግብም ገንዘብም የሚጨምር አልነበረም። ጠዋት ደረጃውን ታስጠርጋለች፣ እንግዳ ያደረ እንዳለ ታያለች፣ በየቤቱ የተሰቀለው የታላቁ መሪ ምስል አቧራ እንዳልያዘ ትመለከታለች፣ በሳምንቱ መጨረሻ ደግሞ ቀበሌ ሄዳ የሰማችውን ትናገራለች። እሷ ግን የምትሰማው ነገር አልነበረም።

"ከቡድንሽ ምን ተሰማ?" ይሏታል።

"ምን ይሰማል? እኔ ስጮህ ሌላ ሰው መቼ ይሰማል?" ትላቸዋለች።

እኔ ከእሷ ፎቅ በታች፣ ሁለተኛው ላይ ነበርኩ። ልጄ ኡንሚ ገና ሕፃን ስለነበረች "የኡንሚ እናት" እያለች ነው የምትጠራኝ። ከእኔ በታች፣ ምድር ቤት፣ አባባ ዳልሱ ለብቻቸው ይኖሩ ነበር። የምነግራችሁ ነገር የመጣው በፊታቸው ምክንያት ነው።

አባባ ዳልሱ የእቶን ሠራተኛ ነበሩ። አንድ ክረምት ከእቶኑ ሥር በላብ ተጠምቀው ወጥተው፣ ክፍት መኪና ላይ ተሳፍረው፣ በረዶ የያዘው የባሕሩ ነፋስ እየመታቸው ቤታቸው ገቡ። ጠዋት ሲነሱ የፊታቸው አንድ ጎን ሞቶ አድሯል። ሐኪሙ ወር ሙሉ በመርፌ ወጋጋቸው። ዳነ ተባለ፤ ግን ተሸብሽቦ ነው የዳነው። ከንፈራቸው ወደ ጆሯቸው ተስቦ ቀረ። ሲቆጡም ሲያስነጥሳቸውም ያው ነው፤ ለማያውቃቸው ሰው ይስቃሉ። ከሁሉ የባሰው ሲያለቅሱ ነበር። ያን ጊዜ ከንፈሩ ጨርሶ ይሸሽና ጥርሳቸው እስከ መንጋጋው ይታያል።

እሳቸው ራሳቸው ይቀልዱበት ነበር። "ሚስቴን ስቆጣት 'ምነው፣ ምን ደስ የሚል ነገር ሰማህ?' ትለኛለች። በትዳራችን አንድ ጠብ ሳላሸንፍ ሞተችብኝ" ይላሉ። ሕንጻችን ለምዷቸዋል። ልጆቹ እንኳ ዞር ብለው አያዩዋቸውም ነበር።

ከዚያ ያ ሐምሌ መጣ።

በእኩለ ቀን ልዩ መግለጫ አለ ተብለን ሁላችንም ግድግዳው ላይ ካለው ሬዲዮ ሥር ቆመናል። ጦርነት ሊሆን ነው ብለን ነበር። የአንባቢው ድምፅ ገና ሲጀምር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ታላቁ መሪ አርፈዋል አለ። ከዚያ ከአራተኛ ፎቅ አንዲት ሴት ጮኸች፣ ከወዲያኛው ሕንጻ ሌላዋ መለሰችላት፣ ጩኸቱ መንገዱን ተከትሎ እስከ ባሕሩ ድረስ ወረደ። ኩምሲል ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ጭንቅላቷን ያዘች። ከጥቂት ቆይታ በኋላ ተነሳች፤ "ጥቁር ያለው ጥቁር ይልበስ፣ የሌለው ነጭ። የኡንሚ እናት፣ ልጅሽን እዘይ። አበባ እንፈልጋለን" አለች።

ያ ሁሉ ልቅሶ ማስመሰል ነበር የሚሉ ሰዎች በኋላ አጋጥመውኛል። እኔ የማውቀውን ልናገር። የመጀመሪያውን ቀን የምሬን አለቀስኩ። ከተወለድን ጀምሮ አባት ነው የተባልነው ሰው ሲሞት ሰማዩ የሚቆም መስሎኝ ነበር። ደግሞ ራሽኑ ከቀረ ሰንብቷል፤ ሆዳችን ባዶ ነው፤ እያንዳንዳችን ያላለቀስንለት የራሳችን ሙት ነበረን። በር ከተከፈተ ሁሉም ይወጣል። ከታላቁ መሪ ሐውልት ሥር ሆኜ እናቴንም አለቀስኳት።

ችግሩ ቀኑ አንድ አለመሆኑ ነው። ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ፣ ቡድን ቡድናችንን ይዘን ኮረብታው ላይ ወዳለው ሐውልት እንወጣለን። ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ዝናብ ይመጣል፣ እንደገና ፀሐይ ይሆናል። ሰው ይወድቃል፣ በቃሬዛ ይወሰዳል። በሦስተኛው በአራተኛው ቀን እንባ ያልቃል። እንባ ሲያልቅ ነው ደግሞ ተመልካቾቹ የመጡት። ክንዳቸው ላይ ጥቁር ጨርቅ ያሰሩ ሰዎች በግራና በቀኝ ይቆማሉ፤ ጀርባቸውን ለሐውልቱ ሰጥተው የሚያዩት እኛን ነው።

ኩምሲል ይህን ቀድማ አየችው። ጠዋት ግቢው ውስጥ ሰበሰበችን፤ "ማታ የጨው ሾርባ ጠጡ፣ ጠዋት ደግሞ ውሃ በጣሳ። ከደረቀ ጉድጓድ ማንም አይቀዳም" አለች።

ቦክሂ የምትባል የአራተኛ ፎቅ ወጣት ሴት ሊያለቅስ በተቃረበ ድምፅ፣ "እትዬ፣ እኔ አልቆብኛል። ዛሬ ምን አባቴ ልሁን?" አለቻት።

"ዓይንሽን ሳታርገበግቢ ፀሐይ የመታውን ድንጋይ እዪ። ሐዘኑ ባያስለቅስሽ ፀሐይዋ ታስለቅስሻለች።"

"ምነው ይኼን በቻልኩ ኖሮ!"

"አሁን እያለቀስሽ አይደል? ይኸው፣ እስከ ኮረብታው አስቀምጪልኝ!"

ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሁላችንም አፋችንን ያዝን። በዚያ ሰሞን የሳቀ ሰው ዙሪያውን ይገላመጥ ነበር።

አባባ ዳልሱ ከኋላችን ቆመው ነበር። እሳቸው እንባ አላለቀባቸውም። ሚስታቸው የሞተችው በዚያው ዓመት ፀደይ ላይ ነው፤ ኮረብታው ላይ በወጡ ቁጥር እንባቸው እንደ ቧንቧ ይወርዳል። እንባው ሲወርድ ግን ከንፈራቸው ይሸሻል፤ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ሽማግሌው ጥርሱን ገልጦ በሳቅ ይፈነዳል።

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጓድ ኦም መጣ። የቀበሌያችን ካድሬ ነው፤ ዕድሜው ሠላሳ አምስት ቢሆነው ነው፤ ሸሚዙ በዚያ ሙቀት እንኳ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነው። እኔ ደረጃው ላይ ተንበርክኬ እያጠብኩ ነበር፤ በላዬ ተራምዶ ወጣ። የኩምሲል በር ክፍት ስለነበር የተባለውን ሁሉ ሰማሁ።

"የምድር ቤቱ ሽማግሌ ሐውልቱ ፊት ስቋል" አላት።

"አልሳቁም፤ አልቅሰዋል።"

"ጥርሱ ታይቷል። ሦስት ሰው አይቶታል።"

"ጓድ ኦም፣ የሁላችንም ጥርስ ታይቷል። አፉን ዘግቶ የጮኸ ማን አለ? ሰውዬው ፊታቸው የታመመ ነው፤ እርስዎም ያውቃሉ።"

"እኔ የማውቀው የተነገረኝን ነው።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ስሚኝ። የሐዘኑ ጊዜ ሲያልቅ የሂስ ስብሰባ አለ። እያንዳንዱ ቡድን በሐዘኑ ላይ የቀለደ አንድ ሰው ያቀርባል። ያንቺ ያለቀለት ሥራ ነው፤ ሦስት ምስክር አለው። 'አዎ፣ አይቻለሁ' ትያለሽ፣ ትቀመጫለሽ። እሱን ካልሰጠሽ ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ። ሌላ ሰው ካጣሽ ደግሞ አንቺ አለሽ።"

"አስብበታለሁ" አለችው። ሲወርድ እንደገና በላዬ ተራመደ። ኩምሲል ወጥታ ደረጃው ራስ ላይ ቆመች።

"የኡንሚ እናት፣ ሰማሽ?"

"ኧረ እኔ ምንም አልሰማሁም እትዬ።"

"ጥሩ። ያልሰማሽውን ለማንም አትንገሪ።" ቁልቁል ወደ ምድር ቤቱ አየችና፣ "ሽማግሌውን አልሰጥም። ሌላም ሰው አልሰጥም" አለች። ለእኔ የተናገረች አልመሰለኝም። ተመልሳ ገብታ በሩን ዘጋች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባባ ዳልሱን ተሸክማ እንደሄደች ቁጠሩት። መጀመሪያ እሳቸው ራሳቸው፣ "ልጄ፣ እኔ ልቅር። ታመመ በይ" አሏት።

"የታመመው ሁሉ በቃሬዛ እየመጣ አባባ! መቅረት ከመሳቅ ይብሳል።"

"ታዲያ ይህን ፊት የት ልጣለው?"

ፎጣ ሰጠቻቸውና አፋቸውን በሐዘን እንደሚይዝ ሰው ይዘው ወጡ። ግን ከተመልካቾቹ አንዷ መጥታ ፎጣውን ከእጃቸው ቀማች፤ "የሚያዝን ሰው ምን ይደብቃል?" ብላ። በማግስቱ ኩምሲል ረጃጅሞቹን ሰዎች መርጣ በዙሪያቸው አቆመች። ሰልፍ የሚያስተካክለው ሰው አጫጭሮቹን ወደ ፊት ብሎ በታተነን፤ አባባ ዳልሱ ፊት ለፊት ወጡ።

ማታ ቤታቸው ገብታ አጠገባቸው ቁጭ አለች። እኔ የበቆሎ ገንፎ ይዤላቸው ወርጄ ነበር።

"አባባ፣ የሐውልቱ ደረጃ ሥር ስንደርስ ይደፉ። ግንባርዎ ድንጋዩን ይንካ። እኔ 'ተነሱ' እስክልዎ ፊትዎ ከመሬት እንዳይነሳ።"

"ጉልበቴስ?"

"ጉልበትዎ በኋላ ይታመማል።"

"ድንጋዩ እኮ እሳት ነው።"

"የእቶን ሰው አይደሉም እንዴ?"

ሽማግሌው ያን ጊዜ የእውነት ሳቁ፤ ሳቃቸውና ልቅሷቸው አንድ ስለሆነ ያወቅነው በድምፃቸው ነው። "እሺ፣ እደፋለሁ" አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ደረጃው ሥር ስንደርስ አባባ ዳልሱ እንደተቆረጠ ዛፍ ወደ ፊት ተደፉ። አጠገባቸው ኩምሲልም ተደፋች፤ ብቻቸውን ሆነው እንዳይታዩ። እሷ ስትደፋ ቦክሂ ተደፋች፤ እኔም ልጄን እንዳዘልኩ ተንበርክኬ ተደፋሁ፤ ከዚያ ሕንጻው በሙሉ። ድንጋዩ ይፋጃል፤ የላብና የጠወለገ አበባ ሽታ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ኩምሲል መሬት ላይ ሆና በዚያ የክሬን ድምፅዋ ታለቅሳለች፤ በመካከሉ ቀስ ብላ፣ "ትንሽ ይቆዩ አባባ፣ ትንሽ ይቆዩ፣ ተመልካቿ እየሄደች ነው" ትላለች። ከዚያ "ተነሱ!"

እንዲህ ሆኖ ቀኖቹ አለፉ። ጠዋትና ከሰዓት። የአባባ ዳልሱ ግንባር ተላጠ፤ ጉልበታቸው እንደ ጎመን ጥቅል አበጠ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን ልቅር አላሉም። እንዲያውም ሌሎች ቡድኖች ከእኛ ማነስ አፍረው መደፋት ጀመሩ፤ በመጨረሻው ቀን ኮረብታው ላይ የቆመ ሰው ማየት ብርቅ ነበር። ቦክሂ በጆሮዬ፣ "እትዬ ከተማውን በሙሉ ግንባሩን አስላጠችው እኮ" አለችኝ።

እኔ አመለጥን ብዬ ነበር። ካድሬ ግን የያዘውን ነገር አይረሳም።

የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከምሳ በኋላ ተጀመረ። የቀበሌያችን ሕንጻዎች ሰዎች ሁሉ ወለሉ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። ጓድ ኦም ጠረጴዛው ጀርባ ቆሞ ቡድኖቹን በየተራ ይጠራል። ከመጀመሪያው ሕንጻ አንድ ቧንቧ ጠጋኝ ተነሳ፤ በሐዘኑ ጊዜ አልኮል ጠጥቷል ተባለ፤ አንገቱን ደፍቶ "ጠጥቻለሁ" አለ፤ ወሰዱት። ከሁለተኛው አንዲት ልጅ እግር፤ ጸጉሯን በአዲስ ማበጠሪያ ስታበጥር ታይታለች። እሷንም ወሰዷት። እናቷ ተቀምጣ ቀረች፤ አላለቀሰችም። ያን ሁሉ ቀን ሲያለቅስ የከረመ ሰው ያን ጊዜ አንድም እንባ አላወጣም።

"ቀጣዩ ቡድን።"

ኩምሲል ተነሳች። "ቡድናችን የሚያቀርበው ሰው የለውም።"

ጓድ ኦም ጠረጴዛው ላይ ተደገፈ።

"የለውም ማለት ምን ማለት ነው?"

"ሁሉም አልቅሰዋል ማለት ነው፣ ጓድ ኦም። ጎን ለጎን ተደፍቼ አይቻለሁ።"

ጓድ ኦም ከጠረጴዛው ጀርባ ወጣ። "ህዮን ዳልሱ፣ ተነሳ! ወደዚህ ና።"

አባባ ዳልሱ በእጃቸው መሬቱን ተደግፈው ተነሱ፤ በዚያ ጉልበት ወደ ፊት እስኪደርሱ ጊዜው አላልቅ አለ። ጓድ ኦም ወደ ሕዝቡ አዞራቸው።

"ይህ ሰው አልቅሷል ትለናለች መሪዋ። መልካም። እንግዲህ እዚሁ አልቅስና አሳየን። ታላቁ መሪ ካረፉ ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ያዘነ ሰው እንባው ቅርብ ነው።"

ሽማግሌው ከፊታችን ቆመዋል። ግንባራቸው የተላጠው ቦታ ቅርፊት ይዟል። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ አገጫቸው ተንቀጠቀጠና እንባው መጣ፤ ከእሱ ጋር ከንፈራቸው ተሰበሰበ፣ ወደ ላይ ሄደ፣ ጥርሳቸው ተገለጠ። አንድ ሰው ከኋላ ትንፋሹን ሳበ። ከፊት ረድፍ የተቀመጠ የማላውቀው ሰው በፍርሃት ይሁን በምን ሳቅ አመለጠውና አፉን በሁለት እጁ አፈነው።

"አያችሁ?" አለ ጓድ ኦም። "ሁላችሁም አያችሁ አይደል?"

ኩምሲል አልተቀመጠችም ነበር። በተቀመጠው ሰው መካከል እየተራመደች ወጣች። የማንን እግር እንደረገጠች አላየችም። ከሽማግሌው ጎን ደረሰች፤ ቀኝ እጇን ዘረጋችና አፋቸውን ከአፍንጫቸው በታች እስከ አገጫቸው ድረስ ሸፈነችው። በዚያ በሰፊው የክሬን ነጂ መዳፍ። ከእጇ በላይ የቀረው ሁለት ዓይን ብቻ ነበር፤ የቀላ፣ የተጨማደደ፣ እንባው በጣቶቿ ላይ የሚወርድ።

"አሁን ያዩትን ይንገሩኝ፣ ጓድ ኦም" አለች። "አፋቸውን ሕመም ወስዶታል፤ የራሳቸው አይደለም። የራሳቸው የሆነው ይኸውልዎ።"

ጓድ ኦም አየ። ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ሁላችንም እያየን ነበር። አባባ ዳልሱ አፋቸው ከተሸፈነ በኋላ፣ አሁን ማንም ሳቅህ የማይላቸው እንደሆነ ያወቁ ይመስል፣ ሰውነታቸው ሁሉ እየተናጠ ያለቅሱ ጀመር። ከኩምሲል መዳፍ ሥር የሚወጣው ድምፅ የታፈነ ነበር። ያቺ ልጇ የተወሰደችባት እናት ጮኸች። ከዚያ ቦክሂ። ከዚያ እኔ። ተመልካች አልጠየቀንም፣ ፀሐይ አልነበረችም፤ አዳራሹ እንዳለ አለቀሰ። ጓድ ኦም ያን ልቅሶ አቁሙ ሊል አይችልም፤ ማን ለታላቁ መሪ አታልቅሱ ይላል? ጠረጴዛው ጀርባ ተመልሶ ቆመና እኛ እስክንጨርስ ጠበቀ።

ስንጨርስ ድምፁ የተረጋጋ ነበር። "ሽማግሌው ይቀመጥ። የቡድኑ መሪ ግን ይህን የሕዝብ ስብሰባ እንደ ግል ክሬኗ ነድታዋለች። ግለ ሂስ ታድርግ።"

ኩምሲል ቀጥ ብላ ቆመች። "ድምፄ ይጮሃል። ሳይፈቀድልኝ ተራምጃለሁ። ሰው እንዳቀርብ ታዝዤ አላቀረብኩም፤ አሁንም የማቀርበው የለኝም" አለች። ግለ ሂሱ ይኸው ነበር።

ከመሪነት ወረደች። በሳምንቱ ወደ ተራራው መንገድ ሥራ ድንጋይ ለመፍለጥ እንድትሄድ ተወሰነባት፤ በረዶ እስኪጥል ድረስ ተባለ። መኪናው ጠዋት መጣ። አባባ ዳልሱ ጓዟን ካልያዝኩ ብለው ተሟገቱ።

"ይተዉ አባባ፣ ጉልበትዎ!"

"ጉልበቴ በኋላ ይታመማል" አሏት። ይዘው ወጡ።

መኪናው ላይ ከተሳፈረች በኋላ ጎንበስ ብላ፣ "በጭሱ ማውጫ በኩል ያለው ግድግዳ ከበረዶው በፊት ካልተመረገ የከሰሉ ጋዝ ይገድልዎታል። የኡንሚ እናት ታስታውስዎታለች" አለቻቸው። ሌላ አልተባባሉም።

በዚያ ሰሞን አንድ ቀን፣ እኔና እሳቸው ግድግዳውን በጭቃ እየመረግን፣ ለማን ያለቅሱ እንደነበር ጠየቅኳቸው። መምረጋቸውን አላቆሙም። "መጀመሪያ አልቅሱላቸው ለተባልነው ነው። በኋላ ለሚስቴ ሆነ። አዳራሹ ውስጥ ግን ለማንም አልነበረም" አሉኝ። "አንድ ሰው ለእኔ ብሎ ተነሳ። እንዲህ ዓይነት ነገር ሲደርስብኝ የመጀመሪያዬ ነው፤ ምን እንደሚደረግ አላወቅኩም።"

ኩምሲል የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ ተመለሰች። ከስታለች፤ ጣቶቿ ተሰንጥቀው በጨርቅ ተጠቅልለዋል፤ ሁለት ጥርሷ ወልቋል። ክሬኑን ለሌላ ሰው ሰጥተዋል፤ ደግሞ ፋብሪካው መብራት አጥቶ የቆመበት ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ረሀብ አገራችን የኖረ ሰው ያውቀዋል። አባባ ዳልሱ ሁለተኛውን ክረምት አላለፉም። እሷ ግን የማንንም ፈቃድ ሳትጠይቅ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ አኩሪ አተር ፈጭታ እንደ አይብ የሚረጋውን ቶፉ መሸጥ ጀመረች። መሸጥ በተከለከለበት ጊዜ ሁሉ።

የድንበሩን ወንዝ ተሻግሬ ከአገር ከመውጣቴ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ያየኋት እዚያ ነው። ልሰናበታት አልቻልኩም፤ ለማንም መናገር አይቻልም። አንድ ወጣት ጠባቂ ዱላውን እያወዛወዘ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ ተነሽ ብያለሁ፣ ይህ የመሸጫ ቦታ አይደለም" ይላታል።

"ልጄ፣ ቁርስ በልተሃል?"

"ተነሽ ነው ያልኩሽ!"

"አልበላህም። ዓይንህ ያስታውቃል።" በቢላዋዋ አንድ ቁራጭ ቶፉ ቆርጣ በቅጠል ላይ አደረገችለት። እሱ ዙሪያውን ተገላመጠ፤ ወሰደ፤ ቆሞ በላ። ከዚያ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ሌሎቹን ለማባረር ሄደ። እሷ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። እኔ ሁለት ቁራጭ ገዛኋት፤ በእጄ ላይ ሦስተኛ ጨመረችልኝና፣ "ለኡንሚ ነው፤ ሳይቀዘቅዝ ስጫት" አለችኝ። ወደሚቀጥለው ገዢ ዞረች።